ብዙ የተጠየቀችው መርከብ፣ ጥቂት የተጠየቀው ጉድጓድ

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የያዝኩት፤ ጊዜ ስታገኙ ተረጋግታችሁ አንብቡት። ስለ አንዲት መርከብና ስለ ፈቃዷ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ማርች 17 ቀን 2011 የአሜሪካ መንግሥት ቢደብሊው ፓዮኒር የምትባል መርከብ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ፣ በአሜሪካ ድርሻ ውስጥ ቆማ ነዳጅ እንድታመርት ፈቀደ። በአሜሪካ በኩል ከዚያ በፊት እንዲህ ዓይነት መርከብ ሠርታ አታውቅም። መርከቧ ለዓለም አዲስ ብትሆን ኖሮ ነገሩ ባላስገረመ። ግን አልነበረችም! በዓይነቷ የመጀመሪያዋን ሼል በስፔን ጠረፍ፣ ሜዲትራኒያን ላይ ሥራ ያስጀመረው በ1977 ነው። ብራዚል በ1979 ተከተለች። ከዚያ በሰሜን ባሕር፣ በምዕራብ አፍሪካ፣ በአውስትራሊያ፣ በቻይና በየቦታው ቆሙ። እዚያው ባሕረ ሰላጤ ውስጥ እንኳ ሜክሲኮ በራሷ ድርሻ በ2007 አንዷን አቁማለች። ታዲያ የባሕር ላይ ነዳጅ ማውጣትን ለዓለም ያስተማረችው አሜሪካ እንዴት 34 ዓመት ዘገየች?

መጀመሪያ መርከቧ ምን እንደሆነች እንግባባ። የሙያው ሰዎች ኤፍ ፒ ኤስ ኦ ይሏታል፤ ተንሳፋፊ የማምረቻ፣ የማጠራቀሚያና የማራገፊያ መርከብ እንደ ማለት ነው። ከሩቅ ስትታይ ተራ ነዳጅ ጫኝ መርከብ ነው የምትመስለው፤ ብዙዎቹም ድሮ ታንከር የነበሩ ናቸው። ልዩነቱ ጀርባዋ ላይ ነው፤ እዚያ ፋብሪካ ተሸክማለች። ከባሕሩ ወለል ሥር ነዳጁ፣ ጋዙና ውሃው ተደባልቆ በቧንቧ ይመጣላታል፤ እሷ ትለየዋለች። ነዳጁን ሆዷ ውስጥ ታጠራቅማለች። በየተወሰነ ቀኑ ሌላ ታንከር ይመጣና ቀድቶ ወደ ወደብ ይወስዳል። ስለዚህ እስከ የብስ የሚደርስ የነዳጅ ቧንቧ አያስፈልጋትም። ቧንቧ በሌለበት፣ ከጠረፍ በራቀ ጥልቅ ባሕር ላይ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ሌላው ጥበብ ማሰሪያዋ ነው። መልሕቆቹ ከመርከቧ ጋር በቀጥታ አይታሰሩም፤ የሚያያዙት መርከቧ ዙሪያውን ከምትሽከረከርበት ክብ ምሰሶ ጋር ነው። ነፋሱ ከየትም ይምጣ፣ ፊቷን ወደ እሱ ታዞራለች። አንዳንዶቹ ላይ ደግሞ ማሰሪያው ከነአካቴው ይፈታል፤ ሀሪኬን ሲመጣ መርከቧ መልሕቋንና ቧንቧዋን የያዘውን ተንሳፋፊ አካል ውሃ ውስጥ ትታ በራሷ ሞተር ትሸሻለች። ይህቺን ነገር ልብ በሉልኝ፣ በኋላ እመለስባታለሁ።

አሁን ወደ ፍርሃቱ። ማርች 24 ቀን 1989 ኤክሶን ቫልዴዝ የምትባል ታንከር አላስካ ውስጥ ከድንጋይ ጋር ተላትማ ሩብ ሚሊዮን በርሜል ገደማ ድፍድፍ ነዳጅ ባሕር ላይ ደፋች። በዘይት የተለወሱ ወፎች ፎቶ በየቤቱ ገባ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በጁን 1990፣ ሜጋ ቦርግ የምትባል የኖርዌይ ታንከር ከቴክሳሷ ጋልቬስተን ራቅ ብላ ነዳጅ ወደ ሌላ መርከብ በምታራግፍበት ሰዓት ፈነዳች። ሰው ሞተ፣ እሳቱ ለቀናት ነደደ። በዚያው ዓመት ኮንግረስ የነዳጅ ብክለት ሕጉን አወጣ፤ ታንከሮች ቀስ በቀስ ባለ ሁለት ድርብ ግድግዳ እንዲሆኑ ታዘዘ።

እንግዲህ በዚህ ስሜት ውስጥ ላለ ባለሥልጣን ሄዳችሁ «አንድ ሚሊዮን በርሜል የምትይዝ መርከብ ሀሪኬን በሚመላለስበት ባሕር ላይ ለሃያ ዓመት ልናቆም ነው፣ በየሳምንቱም ታንከር እየተጠጋ ይቀዳላታል» በሉት። ከኤክሶን ቫልዴዝ የፈሰሰውን አራት እጥፍ ማለት ነው። ብትሆኑስ ትፈርሙ ነበር?

እውነቱን ለመናገር ግን የዘገየው በፍርሃት ብቻ አይደለም። ባሕረ ሰላጤው በቧንቧ የተተበተበ ነው። ከ1940ዎቹ ጀምሮ ከጠረፍ እየራቁ ሲሄዱ ቧንቧውም አብሮ ሲዘረጋ ስለኖረ፣ አዲስ ፕላትፎርም ሲተከል ከቅርቡ መስመር መቀጠል ነበር የሚያዋጣው። ብራዚል ይህ ዕድል አልነበራትም። ነዳጇ ጥልቅ ባሕር ውስጥ ተገኘ፣ ቧንቧ የለም፣ ገንዘብ የለም፤ ፔትሮብራስም እስከ 1990ዎቹ መጨረሻ ድረስ የመንግሥት ብቸኛ ኩባንያ ስለነበር በር ላይ ቆሞ የሚጠይቀው ብዙ ሰው አልነበረም። ያረጀ ታንከር ገዝቶ መቀየር ቀላሉ መንገድ ሆነ። በአሜሪካ በኩል ደግሞ የ1920ው የጆንስ ሕግ አለ፤ ከአንድ የአሜሪካ ቦታ ወደ ሌላ የአሜሪካ ቦታ ጭነት የምታመላልስ መርከብ እዚያው አሜሪካ የተሠራችና የአሜሪካን ባንዲራ የምታውለበልብ መሆን አለባት ይላል። አመላላሽ ታንከሮቹ እዚህ ውስጥ ይወድቃሉ። እንደዚህ ዓይነት መርከብ ደግሞ እጅግ ውድ ነው።

ከዚያ የመሥሪያ ቤት ጣጣው። ፕላትፎርም ቢሆን ጉዳዩ በዋናነት የአገር ውስጥ ሚኒስቴር ነው። (ስሙ አያሳስታችሁ፤ አሜሪካ ውስጥ ይህ ሚኒስቴር የሚያስተዳድረው የመንግሥት መሬትና የተፈጥሮ ሀብትን እንጂ ፖሊስን አይደለም።) በሥሩ ኤም ኤም ኤስ የሚባል የማዕድናት አስተዳደር መሥሪያ ቤት ነበር፤ በ1982 የተቋቋመ። መርከብ ከሆነ ደግሞ ባለቤቱ ኮስት ጋርድ ነው። ይህቺ ነገር ሁለቱንም ናት። ፋብሪካዋን ማን ይፈትሽ? ግድግዳዋን ማን? መልሕቋንስ? ሁለቱ መሥሪያ ቤቶች በ1998 ሥራውን የሚከፋፍል የመግባቢያ ሰነድ ተፈራረሙ። ቀልድ ይመስላል፣ ግን አደጋ ሲደርስ «የእኔ አልነበረም» የሚባለው እንደዚህ ዓይነት ስፌት ላይ ስለሆነ ሥራው ተገቢ ነበር።

በዚሁ ሰሞን ነው ትልቁ ጥናት የተጀመረው። በአሜሪካ ሕግ መንግሥት አካባቢን በከፍተኛ ደረጃ ሊጎዳ የሚችል ውሳኔ ከመወሰኑ በፊት የአካባቢ ተጽዕኖ መግለጫ ማዘጋጀት አለበት። ሕጉ ራሱ የነዳጅ መፍሰስን ተከትሎ የመጣ ነው ማለት ይቻላል፤ በጃንዋሪ 1969 ካሊፎርኒያ ሳንታ ባርባራ ላይ ጉድጓድ ፈንድቶ ጠረፉ ከጠቆረ በኋላ በዓመቱ መጨረሻ ኮንግረስ አጸደቀው፣ ኒክሰን በጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ፈረመበት። የእኛው አገር የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/2002ም ከዚያ ከተነሳው አሠራር ነው የሚመዘዘው።

የመርከቧ ጥናት የሚለየው አንድም ማመልከቻ ሳይቀርብ መሠራቱ ነው። ማንም ኩባንያ «ይህን ቦታ ፍቀዱልኝ» አላለም። ጥያቄው «እንዲህ ዓይነት መርከብ በመርህ ደረጃ ባሕረ ሰላጤው ላይ ትቁም ወይስ አትቁም?» የሚል ነበር። ወጪውን የሸፈነው ዲፕስታር የሚባለው የነዳጅ ኩባንያዎች የጋራ ፕሮጀክት ነው፤ ሥራውን የመራው ኤም ኤም ኤስ። አዎ፣ «ፈቃድ ጠያቂው ነው እንዴ የሚከፍለው?» ትላላችሁ። አሠራሩ የተለመደ ነው፣ ግን ጥያቄያችሁም ተገቢ ነው።

ለጥናቱ አንዲት የሐሳብ መርከብ ተሳለች፤ ባለ ድርብ ግድግዳ፣ በቋሚነት የታሰረች፣ እስከ አንድ ሚሊዮን በርሜል የምትይዝ። ከዚያ ሁሉም ነገር ተጠየቀ። ሀሪኬን ቢመጣስ? ሌላ መርከብ ቢገጫትስ? አመላላሹ ታንከር ሲጠጋ ቢስትስ? ነዳጁ ቢፈስ ስንት ቀን ውስጥ የትኛው ጠረፍ ይደርሳል? ከዚህ ጎን ለጎን የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲዎች የጋራ የባሕር ቴክኖሎጂ ማዕከል አራት ዓይነት አሠራሮችን አነጻጸረ፤ ሦስቱ በባሕረ ሰላጤው የተለመዱ ፕላትፎርሞች፣ አራተኛዋ ይህቺ መርከብ። ውጤቱ ብዙዎችን ያስገረመ ይመስለኛል። በሥራ ላይ በሚደርስ ሞትም፣ ይፈሳል ተብሎ በሚገመተው ነዳጅም ጎልቶ የሚታይ ልዩነት አልተገኘም። ትልቁ የመፍሰስ ስጋት ማጓጓዣው ላይ ነው፤ በቧንቧም ሂድ በታንከር። ደግሞስ አሜሪካ ከውጭ የምትገዛው ነዳጅ በዚያው ባሕር ላይ በታንከር አይደል እንዴ የሚመጣው? ሉዊዚያና ጠረፍ ላይ ታንከሮች የሚያራግፉበት የባሕር ላይ ወደብ ከ1981 ጀምሮ ይሠራል። የአረቡን ነዳጅ የጫነ ታንከር እየተቀበሉ የራስን ነዳጅ የሚጭነውን መፍራት ግራ ያጋባል።

የመጨረሻው ሰነድ በጃንዋሪ 2001 ወጣ። ሁለት ወር ሳይሞላ ብራዚል ውስጥ ፒ-36 የተባለው ግዙፍ ተንሳፋፊ ፕላትፎርም ፈነዳ፤ 11 ሰዎች ሞቱ፣ ማርች 20 ሰጠመ። መርከብ አልነበረም፣ የኤፍ ፒ ኤስ ኦ ዘመድም አይደለም፤ ግን ባለቤቱ ፔትሮብራስ ነበር፣ ተንሳፋፊ ነበር፣ በቴሌቪዥን ቀስ እያለ ሲሰጥም ዓለም አይቶታል። ቢሆንም በ2001 መጨረሻ ኤም ኤም ኤስ ወሰነ። በባሕረ ሰላጤው መካከለኛና ምዕራባዊ ክፍል፣ ጥልቅ ውሃ ላይ፣ ሐሳቡ ተቀባይነት አለው፤ እያንዳንዱ ፕሮጀክት ግን ለብቻው ይመረመራል።

ከዚያስ? ከዚያ ማንም አልመጣም። ዓመታት ተሠርቶበት፣ በሩ ተከፍቶ፣ ደጃፉ ላይ ሰው ጠፋ። ኩባንያዎቹ የሚያውቁትን ፕላትፎርም መትከል ቀጠሉ።

ሐሳብ ያስቀየራቸው አንዱ ነገር 2005 ይመስለኛል። በጁላይ ሀሪኬን ዴኒስ ሲያልፍ የቢፒ አዲሱ ተንደር ሆርስ፣ ያ ሁሉ ቢሊዮን የወጣበት፣ አንድ ጎኑ ወርዶ ተጋድሞ ተገኘ። ሰበቡ ነፋሱ እንኳ አልነበረም፤ የውሃ ቧንቧው በትክክል አልተገጠመም ነበር። ቀጥሎ ካትሪና፣ ቀጥሎ ሪታ። ሁለቱ ተደምረው ከ100 በላይ ፕላትፎርሞችን አጠፉ። ታይፎን የሚባለው የሼቭሮን ተንሳፋፊ ፕላትፎርም በሪታ ከማሰሪያው ተነቅሎ ተገለበጠ። የባሕር ወለል ቧንቧዎችም ተጎዱ። ታዲያ ያ ቅድም ልብ በሉልኝ ያልኳችሁ ማሰሪያዋን ፈትታ የምትሸሸው መርከብ ድንገት ያን ያህል እብደት መምሰሏ ቀረ።

ማመልከቻውን ይዞ የመጣው ራሱ ፔትሮብራስ ነው። ካስኬድና ቺኑክ የሚባሉ ሁለት የነዳጅ መስኮች ነበሩት፤ ከሉዊዚያና ጠረፍ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው፣ ውሃው 2,500 ሜትር ጥልቀት ያለው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከፍ የምትለውን ያህል ወደ ታች አስቡት። በአቅራቢያው የሚረባ የነዳጅ ቧንቧ የለም። በ2007 ከኖርዌዩ ቢደብሊው ኦፍሾር ጋር ተዋዋለና አንድ ታንከር ሲንጋፖር ውስጥ ወደ ኤፍ ፒ ኤስ ኦ ተቀየረ። 600 ሺህ በርሜል ትይዛለች፤ በቀን እስከ 80 ሺህ በርሜል ታመርታለች። ማሰሪያዋ የሚፈታ ነው። ጋዙ ግን እንዲቃጠል ስለማይፈቀድ በቧንቧ መውጣት ነበረበት። ለጆንስ ሕግ ሲባልም የአሜሪካ ባንዲራ ያላቸው ሁለት አመላላሽ ታንከሮች ተዘጋጁላት።

መርከቧ ተጠናቃ ፈቃዷን በምትጠብቅበት ወቅት፣ ኤፕሪል 20 ቀን 2010፣ ዲፕዎተር ሆራይዘን ፈነዳ።

ታሪኩን ታውቁታላችሁ። ማኮንዶ የተባለው የቢፒ ጉድጓድ 1,500 ሜትር ውሃ ሥር ነበር። 11 ሠራተኞች ሞቱ። ነዳጁ ለ87 ቀናት ፈሰሰ። መንግሥት 4.9 ሚሊዮን በርሜል ከጉድጓዱ ወጣ ብሎ ገመተ፤ ፍርድ ቤት በ2015 ባሕሩ ውስጥ የፈሰሰው 3.19 ሚሊዮን ነው አለ። ዝቅተኛውን ቁጥር እንያዝ። ቢደብሊው ፓዮኒር እስከ አፏ ሞልታ፣ ግድግዳዋ ሁለቱም ተቀዶ፣ አንድ ጠብታ ሳይቀር ቢፈስባት፣ ማኮንዶን ለማከል ከአምስት ጊዜ በላይ መስጠም ነበረባት። መርከብ ልክ አላት፤ ሲያልቅ ያልቃል። ጉድጓድ ግን ካልተዘጋ ራሱ አይቆምም።

አሁን ወረቀቶቹን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። በዚያው መሥሪያ ቤት፣ በኤም ኤም ኤስ፣ መርከቧ ገና ሐሳብ ሳለች ሙሉ የአካባቢ ተጽዕኖ መግለጫ ተሠራላት። የማኮንዶ ጉድጓድ ዕቅድ ደግሞ በኤፕሪል 2009 በጅምላ ነፃ በሚያደርግ ደንብ አለፈ፤ ዝርዝር የአካባቢ ጥናት አያስፈልገውም ተባለ። ምክንያቱ? እንደሱ ያለ ጉድጓድ ብዙ ጊዜ ተቆፍሯላ! የተለመደ ነገር ነው። ቢፒ ለባሕረ ሰላጤው ያቀረበው የነዳጅ መፍሰስ ዕቅድ ውስጥ ደግሞ ጥበቃ ከሚደረግላቸው እንስሳት መካከል ዋልረስ ተጠቅሶ ተገኘ። ዋልረስ የበረዶ አገር ፍጡር ነው፤ ከሉዊዚያና ሙቅ ውሃ ጋር አይተዋወቅም። ከሌላ ቦታ ሰነድ ተገልብጦ የመጣ ይመስላል። የሌሎች ትልልቅ ኩባንያዎች ዕቅድም ውስጥ ዋልረሱ ነበረ። መሥሪያ ቤቱ ሁሉንም አጽድቋል።

ብዙዎች ይህን የሚያስረዱት በሙስና ነው። በ2008 የወጣው የተቆጣጣሪ ሪፖርት የኤም ኤም ኤስ ዴንቨር ቢሮ ሠራተኞች ከነዳጅ ኩባንያዎች ስጦታ ሲቀበሉ፣ ከኩባንያ ሰዎች ጋር ሲጠጡና ሲባልጉ እንደነበር አጋልጧል፤ ውሸት አይደለም። መሥሪያ ቤቱ በአንድ እጁ ገንዘብ ሰብሳቢ፣ በሌላው ተቆጣጣሪ ስለነበረም ከመነሻው የተጣመመ ነበር። ግን በእኔ አስተያየት ሙስና ብቻ ቢሆን ኖሮ መርከቧም በቀላሉ ባለፈች። ያው መሥሪያ ቤት፣ በዚያው ኢንዱስትሪ ገንዘብ፣ እሷን ጥርሷን ሳይቀር ቆጥሯታል። የፈራው ያላየውን ነው። የለመደውን አልጠየቀም። ጉድጓዱ ደግሞ የሃምሳ ዓመት ጓደኛው ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ዝም ብዬ ባልፈው ይቆጨኛል። ከማኮንዶ የሚወጣውን ነዳጅ ለመቅዳት በጁላይ 2010 ከተጠሩት መርከቦች አንዷ ሂሊክስ ፕሮዲውሰር 1 ናት። የኤፍ ፒ ኤስ ኦ የቅርብ ዘመድ ናት፤ መርከብ ናት፣ ታመርታለች፣ ማሰሪያዋን ትፈታለች፣ የምታጠራቅመው ነዳጅ ብቻ ነው የሌላት። የተሠራችው በሪታ የተገለበጠውን ታይፎንን ለመተካት ነበር። የሚያስፈራው ዓይነት መርከብ የማያስፈራው ጉድጓድ የተፋውን ልትሰበስብ መጣች።

የሆነው ሆኖ ኤም ኤም ኤስ ፈረሰ። ኃላፊዋ በሜይ 2010 ለቀቁ፤ በጁን ቦኤምሪ የሚባል መሥሪያ ቤት በማይክል ብሮምዊች መሪነት ተተካ። በኋላም ገንዘብ ሰብሳቢው፣ ቦታ አከራዩና የደኅንነት ተቆጣጣሪው ሦስት የተለያዩ መሥሪያ ቤቶች ሆኑ። በጥልቅ ውሃ መቆፈር ታግዶ በኦክቶበር ተነሳ። ከእገዳው በኋላ የመጀመሪያው የጥልቅ ውሃ ቁፋሮ ፈቃድ የተሰጠው በፌብሩዋሪ 2011 መጨረሻ ነው። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ቢደብሊው ፓዮኒር ፈቃዷን አገኘች። ያን ያህል ንዴት በነበረበት ጊዜ በፍጥነት ያለፈችው የአስር ዓመቱ ወረቀት ስለነበራት ይመስለኛል፤ የሚጠየቀው ጥያቄ ቀድሞ ተጠይቆ ነበር።

ግን ሁሉም አልተጠየቀም። ፈቃዱ በተሰጠ በቀናት ውስጥ፣ ገና ምርት ሳይጀመር፣ ከባሕሩ ወለል ነዳጁን ወደ ላይ የሚያወጣውን ቧንቧ ቀጥ አድርጎ የሚይዘው ግዙፍ ተንሳፋፊ በርሜል ሰንሰለቱ ተበጥሶ ተፈተለከ። ነዳጅ ስላልነበረበት የፈሰሰ ነገር የለም። ሰንሰለት! በዚያ ሁሉ ገጽ ስለ ሀሪኬን፣ ስለ ግጭት፣ ስለ ታንከር ተጽፎ የተበጠሰው ሰንሰለት ሆነ። ጥገናውና ምርመራው ወራት ፈጀ፤ የመጀመሪያው ነዳጅ የወጣው በፌብሩዋሪ 2012 ነው።

በሴፕቴምበር 2016 ሼል ሁለተኛዋን፣ ቱሪቴላን፣ ስቶንስ በሚባለው መስክ 2,900 ሜትር ውሃ ላይ አስጀመረ፤ በጊዜው በዓለም ጥልቁ ነበር። በአሜሪካ በኩል ሦስተኛ አልመጣችም። ቢደብሊው ፓዮኒርን ደግሞ በ2025 መርፊ ኦይል የተባለው ኩባንያ በ125 ሚሊዮን ዶላር ሊገዛት ተስማማ።